የሚስት ሚስማር

ሃስኬት የምትባለው ከተማ አንድ ቦታ ረግታ ተቀምጣ አታውቅም። ሌላው ከተማ ወንዝ ዳር ወይም መንገድ መገናኛ ላይ ይቆረቆርና እዚያው ያረጃል፤ ሃስኬት ግን ጥዱን እየተከተለች የምትሄድ ከተማ ነበረች። የእንጨት ኩባንያው ሐዲዱን ወደ ተራራው ይዘረጋል፣ ሰዎቹ በሐዲዱ ግራና ቀኝ ያለውን ጫካ ይጨርሳሉ፣ ጫካው ሲያልቅ ክሬን ይመጣና ቤቶቹን ከነጣሪያቸው ብድግ አድርጎ ክፍት ፉርጎ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ቤቶቹ ገና ሲሠሩ በፉርጎ ልክ ነው የተሠሩት፤ ሁለት ጠባብ ክፍል፣ አንድ በር፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚኖርበት ጣሪያ። ሱቁም እንዲሁ፣ ትምህርት ቤቱም እንዲሁ። ትምህርት ቤቱ እሁድ እሁድ ጥቁር ሰሌዳውን በአንሶላ ይሸፍኑትና ቤተ ክርስቲያን ይሆናል።

"ሃስኬት የት ናት?" ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳ መልሱ፣ "የዘንድሮዋን ነው ወይስ የአምናዋን?" የሚል ነበር። ይህን ቀልድ ሰዎቹ ራሳቸው ሲያወሩት ይስቃሉ። የኖረችበትን ሴት ግን ብዙም አያስቃትም።

የማትንቀሳቀሰው ብሬሲ ናት፤ ታች ሸለቆው ውስጥ ያለችው። የኩባንያው መሰንጠቂያ ፋብሪካ፣ ወደ ሌላው ዓለም የሚወስደው ዋናው ባቡር፣ የጡብ ትምህርት ቤትና ሐኪም ያሉት እዚያ ነው። ከሃስኬት ወደ ብሬሲ ከሐዲዱ በቀር መንገድ የለም። ሐዲዱም የግንድ ነው፤ ግንድ ሲወርድ ሰው ይወርዳል፣ በረዶ ጥሎ ግንድ ሲቀር ሰውም ይቀራል። በዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ደግሞ በረዶ ከጣለ ዕዳ ሊቀበል እንደመጣ እንግዳ ነው፤ ልሂድ አይልም።

ዖርፋ ቲተር ለሃስኬት ሁለት ልጅ ሰጥታለች። የመጀመሪያው የተወለደው ከተማዋ ቢች ፎርክ ከሚባለው ጅረት በላይ ሳለች ነው፤ በረዶ ነበር፣ ባቡር አልነበረም፣ ሕፃኑ ሌሊቱን አልዘለቀም። ሁለተኛዋ ከዚያ ከፍ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ፣ እንደገና በክረምት። ባሏ ዴልመር የፍሬን ሠራተኛ ነው፤ ሁለቱንም ሣጥን ከጥድ ጣውላ የሠራው እሱ ነው። ከተማዋ ጓዟን ጠቅልላ ስትሄድ መቃብሮቹ እዚያው ቀሩ። ተቆርጦ የተጣለው ቅርንጫፍ ደግሞ በጋ ሲመጣ ከባቡሩ ፍንጣሪ እሳት ይይዛልና፣ የእንጨት መስቀሎቹ ተቃጠሉ። አሁን ዖርፋን "ልጆችሽ የት ናቸው?" ቢሏት በጣቷ ወደ ተራራው ከማሳየት በቀር "እዚህ ጋ" ማለት አትችልም። ይህ ነገር ውስጧን እንደ ብል ይበላታል።

እንግዲህ በዚህ መከር ሦስተኛውን ፀንሳለች፤ ሆዷ ገፍቷል። ሁለቱንም ያዋለደቻት አክስት ሳብራ፣ እጇ ከከተማዋ ሁሉ የታመነ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ ሆዷን ዳብሳ እቅጩን ነገረቻት።

"እንግዲህ ልንገርሽ ልጄ። አንቺ ስትወልጂ ደምሽ አይቆምም፤ ልጆችሽም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እኔ እጅ አለኝ፣ መድኃኒት ግን የለኝም። ይኼኛውን ሐኪም ካለበት ውለጂው። ላይ ከወለድሽው አንቺንም አልመልስሽ ይሆናል።"

ዖርፋ ለዴልመር ነገረችው። ዴልመር ክፉ ሰው አይደለም፤ ዝምተኛ፣ ሥራ ወዳድ፣ አለቃ ፊት ሲቆም ባርኔጣውን የሚያሽከረክር ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ክፉ ከሆነው ይልቅ እንደሚጎዳ ያልኖረበት አያውቅም።

"ዘንድሮ እኮ ቁልቁል ነው የምንሄደው" አላት። "ካቦ ስትራውድ በአፉ ነግሮኛል። ቤቶቹ ሁሉ ብሬሲ ይወርዳሉ፣ ክረምቱን ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ነን።"

"ያምናውንም በአፉ ነበር የነገረህ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።"

"ዘንድሮ ሌላ ነው። የላይኛው ጥድ ለከርሞ ነው የሚቆረጠው።"

ወሬው ሃስኬትን አዳረሰ፤ ሴቶቹ ሰርግ የተጠሩ መሰሉ። መጋረጃ ታጠበ። ለክረምት የተከመረው ማገዶ "ማን ይሸከመዋል?" ተብሎ ተተወ። ጎመኑን በየማሳው ጥለው፣ ልጆቻቸውን "ብሬሲ ስንደርስ ጫማ ሳታደርግ አትወጣም፣ እዚያ ሰው አለ!" እያሉ መገሠጽ ጀመሩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

አሁን ስለ ጉዞው ልንገር፤ የሃስኬት ሰው እንዴት እንደሚጓዝ ሳይታወቅ የሆነው ነገር አይገባም። ቤቱ ፉርጎ ላይ ሲጫን መስኮቱ መስታወቱ እንዳይሰበር በሳንቃ ይዘጋል። የምድጃው የጭስ ቱቦ ተነቅሎ ጣሪያው ላይ ቀዳዳው ክፍት ይቀራል። በሩ በመንገድ እንዳይበረግድ ከውጭ ሳንቃ ይጋደምበትና ይቸነከራል። ወንዶቹ ሁሉ በየፉርጎው የፍሬን መዘውር ላይ ስለሚቆሙ፣ ሴቶችና ልጆች ከሳህንና ከፍራሻቸው ጋር ውስጥ ይቀመጣሉ። ኩባንያው "ክልክል ነው" ይላል፤ ሌላ መቀመጫ ግን አልሰጠም።

ታዲያ በሩን የሚቸነክረው ባል ነው፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። የመጨረሻዋን ሚስማር ግማሽ ድረስ ብቻ መትቶ ይተዋታል። እሳት ቢነሳ፣ ፉርጎ ቢያዘነብል፣ ሴትየዋ በትከሻዋ ስትገፋው ሳንቃው እንዲወልቅላት ነው። ይህች ሚስማር የሚስት ሚስማር ትባላለች። ሃስኬት ውስጥ ልጃገረድ ስትዳር፣ "ሚስማርሽን የሚተውልሽ ይስጥሽ" ብለው ይመርቋታል።

ባለፈው ጉዞ ሌቲ የምትባል ጎረቤታቸው፣ ባቡሩ ዳገት ላይ ሲቆም በሯን ገፍታ ወርዳ፣ በእግሯ ወደ ብሬሲ ነጎደች። ባሏም ሥራውን ጥሎ ተከተላት። ካቦ ስትራውድ ጎበዝ ግንድ ጫኝ አጣ፤ ይህን አልረሳም።

የጉዞው ቀን ጠዋት ሰማዩ አመድ መስሎ ነበር። ዖርፋ የታሸገ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ፣ የመታጠቢያ ሳፋዋን እስከ ግማሽ ውሃ ሞልታ እግሯ ሥር አስቀመጠች፤ ቤቱ ሲናጥ ያቅለሸልሻታል፣ ፊቷን ልታብስበት ነው። ዴልመር በሩ ላይ ቆሞ አያት።

"ደኅና ነሽ?"

"ብሬሲ ስንደርስ ደኅና እሆናለሁ።"

አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ በሩንም ዘጋው። የመዶሻው ድምፅ ተሰማ። ሚስማር ገና ሲገባ ይጮኻል፤ ራሱ ሳንቃው ላይ ሲያርፍ ግን ድምፁ ድፍን ይላል። ዖርፋ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፣ አባቷም በር ይቸነክር ነበር። ነገር ግን የዚያን ቀን ልቧ ብሬሲ ስለነበረ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማችው።

ከዚያ ክሬኑ ጮኸ፣ ቤቱ ከመሬት ተነሳ፣ ተወዛወዘ፣ ፉርጎው ላይ ዷ ብሎ ተቀመጠ። ከኋላዋ የአክስት ሳብራ ቤት፣ ከዚያ የሌሎቹ ተጫነ። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ቤት ውስጥ ተዘግቶ በባቡር የሚሄድ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ተራራው ቀጥ ያለ ስለሆነ ባቡሩ ጥቂት ወደፊት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ሐዲድ ይቀየርለታል፣ በጀርባው ይሄዳል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ነው የሚወጣውም የሚወርደውም። የእንፋሎት ሞተሩም ሲወጣ ከታች ሆኖ ይገፋል፣ ሲወርድ ከታች ሆኖ ይይዛል፤ በየመቀየሪያው ተፈትቶ ዞሮ ሁልጊዜ ከታች ይያያዛል። ስለዚህ ድምፁ እንኳ አይናገርም። ዖርፋ በጣሪያው ቀዳዳ በኩል የምታየው ሳህን የማታክል ሰማይ ብቻ ነበረች። ከአጠገቡ ቤት አክስት ሳብራ መዝሙር ትዘምራለች፤ ድምፅዋ እንደ በር ማጠፊያ ቢሆንም ደስታዋ ያስታውቃል።

ዖርፋ ፊቷን ልታብስ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗ ሳፋው ላይ ቀረ።

ውሃው ወደ ምድጃው በኩል ተከማችቶ ነበር። ባቡሩ ደግሞ የሚሄደው ወደ አልጋው በኩል ነው፣ ሲነሳ ወደ ምድጃው ሲገፋት አውቃለች። ውሃ ወደምንሄድበት ከተጠጋ ቁልቁለት ነው፤ ከሸሸ ዳገት ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

"አይ፣ ሐዲዱ ጠማማ ሆኖ ነው" አለች ጮክ ብላ።

ባቡሩ ቆመ። ሐዲድ ተቀየረ። በጀርባው ተነሳ፤ አሁን የሚሄደው ወደ ምድጃው ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ሳፋውን አቋርጦ የሚያስብ ይመስል ተንሸራተተና፣ ወደ አልጋው በኩል ተከማቸ። አሁንም ሸሸ።

ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅ ተገላበጠ። ዖርፋ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። የሚስት ሚስማር አለች አይደል? ትከሻዋን አስጠግታ ገፋች። ሳንቃው ንቅንቅ አላለም። እንደገና ገፋች። ያን ጊዜ ነው የጠዋቱ ድምፅ ወደ ጆሮዋ የተመለሰው፤ ሁሉም ሚስማር ጮኾ ጮኾ ድፍን ብሏል። የመጨረሻዋም። ዴልመር እስከ ራሷ ድረስ መቷታል።

ስለዚህ ያውቃል። ባለማወቅ ቢሆን ሚስማሯን ይተውላት ነበር። ያወቀ ሰው ነው የሚስቱን በር እስከ መጨረሻው የሚቸነክር። ዖርፋ መጀመሪያ የተሰማት ቁጣ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ግድግዳዎቹ ጠበቧት። ላይ ስትደርስ የሚሆነውን ሁሉ አየችው፤ በረዶው፣ የማይመጣው ባቡር፣ የአክስት ሳብራ ባዶ እጅ፣ ከጥድ ጣውላ የሚሠራው ሣጥን። ምናልባትም በዚህኛው ጊዜ ሁለት ሣጥን፣ አንዱ ረዘም ያለ።

ሰርጓ ዕለት ሰባኪው ቀልዶባት ነበር። "የመጽሐፍ ቅዱሷ ዖርፋ ከመንገድ የተመለሰችው ናት፤ አንቺ ግን እንደ ሩት ባልሽ የሄደበት ሂጂ" ብሏት ሰው ሁሉ ስቋል። ሄደችም፤ ተራራ ለተራራ፣ መቃብር ለመቃብር።

መጥረቢያውን ዴልመር ይዞታል። ጩኸቷን የሞተሩ ጩኸት ይውጠዋል። ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች፣ ወደ ጣሪያው ቀዳዳ።

በሃስኬት ሴቶች ዘንድ ሳይጻፍ የጸና አንድ ሕግ አለ፤ ቀይ ልብስ በሐዲዱ ፊት አይሰጣም። ባቡር ነጂው አጎት ፕሩት ቀይ ነገር ካየ ይቆማል፣ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ የአክስት ሳብራን ቀይ የውስጥ ቀሚስ ገመድ ላይ አይቶ ግንድ የጫነ ባቡር ገትሮ ወርዷል። ነገሩን ሲያውቅ ከነዘር ማንዘሯ ሰደባት። እሷም፣ "አጎቴ፣ አትቆጣ፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ ልብሴን አይቶ የቆመ አንተ ብቻ ነህ" አለችው። እስከ ዛሬ ይቀለድበታል።

ዖርፋ የታሸገውን ልብስ በትና ቀይ የፍላኔላ ቀሚሷን አወጣች። መጥረጊያው እንጨት ላይ አሰረችው። ምድጃው ላይ ወጥታ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ መጥረጊያውን በጣሪያው ቀዳዳ አሳልፋ አወዛወዘችው። አጎት ፕሩት ከታች ሆኖ የሚገፋ ስለሆነ ዓይኑ ሁልጊዜ ቤቶቹ ላይ ነው።

ሞተሩ አጭር ጩኸት አሰማ። ፍሬኖች ሁሉ አፏጩ። የቤቶቹ ሰልፍ ዳገቱ ላይ ቆመ።

"ምንድን ነው?" አለች አክስት ሳብራ ከቤቷ ውስጥ ሆና፣ መዝሙሯን አቋርጣ።

"አክስቴ! ወደ ላይ ነው የሚወስዱን! በሳፋ ውሃ አድርገሽ እዪ!"

"ምን ሳፋ ያስፈልገኛል፣ ተራራ እንደሚወጣ ሰው ጆሮዬ ሲደፈን እያወቅሁት እኮ 'እርጅና ነው' ብዬ ነው ዝም ያልኩ! በርሽን ግፊ እንጂ ታዲያ!"

"አይገፋም። ያንቺንስ?"

ዱብ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ደግሞም ዱብ። "ሚስማሬን ወስደውብኛል" አለች አክስት ሳብራ፤ ድምፅዋ ያን ጊዜ የአሮጊት ድምፅ ሆነ። "የልጄ ባል ነው የመታው። ገና ዛሬ ጠዋት ያበላሁት።"

ቃሉ ከጣሪያ ቀዳዳ ወደ ጣሪያ ቀዳዳ ሄደ። በየቤቱ ትከሻ በር ይመታል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ። አንድም በር አልተከፈተም። ከዚያ ሴቶቹ በመጥበሻና በምድጃ ክዳን ግድግዳውን መደብደብ ጀመሩ።

የዴልመር እግር ከበሯ ውጭ ተሰማ።

"ዖርፋ! ምን ሆንሽ? ምጥ መጣብሽ እንዴ?"

"አልመጣብኝም። ወዴት ነው የምንሄደው?"

እግሩ የፉርጎውን ወለል ሲፍቅ ተሰማ።

"ዴልመር፣ ወዴት ነው የምንሄደው?"

"እስከ ጸደይ ብቻ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ፋብሪካው እንጨት አነሰው። ስትራውድ ጸደይ ላይ ብሬሲ ቦታ እሰጥሃለሁ ብሎኛል።"

"መቼ አወቅህ?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ከትናንት ወዲያ ማታ እግሬ አብጦ በሙቅ ውሃ አጥበህልኛል። ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ዖርፋ ግንባሯን በሩ ላይ አሳረፈች። እግሯን ያጠበላት ሰዓት በትዳሯ ውስጥ ከሁሉ ያማረ ሰዓት ነበር፤ አሁን ያንንም ወሰደባት።

ካቦ ስትራውድ በሐዲዱ ዳር እየሮጠ መጣ። ወፍራም ሰው ነው፣ ሲቆጣ ጆሮው ይቀላል። "ፕሩት! ማን ቁም አለህ? ንዳው!"

አጎት ፕሩት ከሞተሩ መስኮት አንገቱን አወጣ። "ቀይ አይቼ ቆሜያለሁ።"

"የሴት ቀሚስ ነው እኮ!"

"ቀሚስም ይሁን የጳጳስ ካባ፣ ቀይ ነው። ቀይን ደግሞ የሰቀለ ሰው ራሱ ነው የሚያወርደው፤ የባቡር ሕግ ነው። ሌላ ሰው ያወረደው እንደሆነ እኔ አልነዳም፣ አንተ ና ንዳው።"

ስትራውድ ሞተር መንዳት አይችልም። ወደ ዖርፋ ቤት ዞረ። "እሜቴ ቲተር፣ ያንን ነገር አውርጂው። ሃያ ቤት ዳገት ላይ ገትረሻል፣ እንፋሎት እያለቀ ነው።"

"ሚስማሬን ስታወጡልኝ አወርደዋለሁ።"

"የማንም ሚስማር አይወጣም! በሩ ለደኅንነታችሁ ነው የተቸነከረው። ዴልመር፣ ሚስትህን አንድ በል። ሚስማር የነቀለ ሰው ነገ እኔ ዘንድ ሥራ የለውም፤ በዚህ ተራራ ላይ ማንም ዘንድ ሥራ እንዳያገኝ አደርገዋለሁ።"

"ሰማሽው አይደል?" አለ ዴልመር በበሩ ስንጥቅ። "ሥራ ከሌለኝ ምን እንበላለን? ነይ እባክሽ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ…"

"በየትኛው መዶሻ ነው የመታኸው?"

"ምን?"

"በሩን። በየትኛው መዶሻ ነው?"

"ያው በኔው ነዋ። ሌላ የለኝ።"

"የልጆቹን ሣጥን የመታኸውም በሱ ነው።" ዖርፋ አታለቅስም ነበር፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው። "ሁለቱንም ጊዜ እሰማህ ነበር፣ አልጋ ላይ ሆኜ። ሚስማሩ ይጣመምብህ ነበር፣ ነቅለህ አቅንተህ ደግመህ ትመታው ነበር። በልቤ 'ይኼ ሰው ልቡ ተሰብሯል' እያልሁ አዝንልህ ነበር። ዛሬም ሰምቼሃለሁ። ዛሬ አንድም አልተጣመመብህ።"

ሴቶቹ መደብደብ ትተው ነበር። ከሞተሩ ከሚወጣው እንፋሎት በቀር የሚሰማ የለም። ስትራውድ፣ "ወደ ፍሬንህ ተመለስ" አለው። ዴልመር ቆመ። እንደገና፣ "አልሰማህም?" አለው።

ከዚያ ሚስማር ከጣውላ ሲወጣ የሚያሰማው ሲቃ ተሰማ። አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው። የመጨረሻዋ አስቸገረችው፤ እስከ ራሷ ገብታለችና መዶሻው አልይዛት አለው። በቢላ ዙሪያዋን ፈለፈለ። ሳንቃው ወደቀ፣ በሩ ተከፈተ፣ ብርሃን ገባ።

ዖርፋ ቃሏን ጠበቀች። ቀዩን አውርዳ ከመጥረጊያው ፈታችና እንደ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ያን ጊዜ ዴልመር እጁን ዘርግቶ ደግፎ አወረዳት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ላይ እንድረስና ቤቱን አውርደን፣ ነገ አብረን እንወርዳለን" አላት። "አሁን ፍሬኑን ትቼ መሄድ አልችልም። እኔ ከለቀቅሁት ቤቶቹ ተንሸራተው አጎት ፕሩት ላይ ይወድቃሉ። ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ" አለች። እውነቷን ነው፣ ታውቃለች። "ነገ ግን በረዶ ነው።"

"ዖርፋ…"

"የኔንም ንቀልልኝ እንጂ፣ አንተ ልጅ!" ብላ ጮኸች አክስት ሳብራ። "ይህች ልጅ መንገድ ላይ ከመጣባት ማን ሊቀበልላት ነው? ድብ?"

ዴልመር ወደ ስትራውድ አላየም። ሄዶ ነቀለላት። አሮጊቷ ከረጢቷን አንግታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እየተራገመች ወረደች። የልጇ ባል ከፍሬኑ መዘውር ላይ ሆኖ፣ "እማማ፣ እኔ እኮ ታዝዤ ነው" አላት። "አይዞህ ልጄ፣ ቁርስህን እንዳበላሁህ ቆጥሬዋለሁ" ብላው አለፈች።

ሌሎቹ ሴቶች አልወረዱም። "እኔንም! እኔንም!" ብለው የጮኹት ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን ልጅ አለ፣ ፍራሽ አለ፣ ባል አለ፣ ካቦ ስትራውድ ደግሞ በሐዲዱ ዳር ቆሞ በየወንዱ ፊት ያያል። መዶሻ ያነሳ ሌላ ወንድ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ሰዎቹን ለማሳፈር አይደለም፤ ቢያፍሩ ግን አልጠላም።

አጎት ፕሩት የሞተሩን ጩኸት አሰማ፤ ፍሬን ፍቱ ማለት ነው። ዴልመር ሮጦ መዘውሩን ያዘ። ቤቶቹ ቀስ ብለው ወደ ላይ ተንቀሳቀሱ። የዖርፋ ቤት በሩ እየተከፈተና እየተዘጋ፣ በውስጡ ባዶ አልጋና ሳፋ ይዞ አለፈ። ዴልመር ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም ሥራው ያስገድደዋል፤ አንገቱን ግን እስከ ኩርባው ድረስ ወደ ኋላ አዙሮ ነበር። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ዖርፋ ከመንገድ ተመለሰች።

ሁለቱ ሴቶች በሐዲዱ መሃል፣ በእንጨቶቹ ላይ እየተራመዱ ቁልቁል ሄዱ። የተውት ቦታ ደርሰው አለፉት፤ የቤቶቹ ቅርጽ መሬቱ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል፣ ጎመኑ ቆሟል፣ ማገዶው ተከምሯል። ማምሻውን በረዶ ጀመረ። ብሬሲ ሲደርሱ የዖርፋ እግር ጫማዋን ሞልቶት ነበርና በመቀስ ቀደው አወጡላት።

ልጅቷ የተወለደችው በረዶው ሐዲዱን በዘጋበት ሳምንት ነው። ደሙ እንደተባለውም አልቆመም፤ ሐኪሙና አክስት ሳብራ እየተጣሉ እየተረዳዱ አቆሙት። ልጅቷ መጀመሪያ ሰማያዊ ሆነች፣ ቀጥሎ ቀላች፣ ቀጥሎ ጮኸች። በዚያው ክረምት እላይ ተራራው ላይ፣ ማገዶ ሳይዙ የወጡት የሃስኬት ሰዎች የትምህርት ቤቱን ወንበሮች አንድደው ሞቁ። ስትራውድ ዴልመርን አላባረረውም፤ በረዶ ውስጥ የፍሬን ሠራተኛ ከየት ያመጣል?

ዴልመር የወረደው በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ በመጀመሪያው የግንድ ባቡር። ዖርፋ የሰው ልብስ እያጠበች የምትኖርበትን ክፍል አፈላልጎ አገኘ። በሩ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን እያሽከረከረ አንኳኳ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

"ይዤልሽ መጣሁ" አለ። ከኪሱ አወጣት፤ እስከ ራሷ የመታት ሚስማር ናት፣ ስትነቀል ተጣምማ እንደነበረች። ክረምቱን ሙሉ ኪሱ ውስጥ አሽታ ጨርቁን በስታዋለች። "አላቀናኋትም።"

"በሩ አልተቸነከረም" አለች ዖርፋ። "ግፋው።"

ዴልመር ቲተር እጁን አነሳ፤ መለሰው። እንደገና አነሳና ጣውላው ላይ አሳረፈው። ዕድሜውን ሙሉ በር ሲቸነክር የኖረው ሰው ያልተቸነከረ በር እንዴት እንደሚገፋ የጠፋው መሰለ። ውስጥ ሕፃኗ ማልቀስ ጀመረች። ዖርፋ እጇን በሽርጧ አደረቀችና ወደ ልጇ ሄደች፤ በሩን ለእሱ ተወችለት።